አማቴ ቡና ባፈሉ ቁጥር

ለተከበሩ የአምዱ አዘጋጅ፦

ትዳር ከያዝን ሰባተኛ ዓመታችን ነው። አማቴ እሑድ እሑድ ቡና ሲፈላ፣ ገና አቦሉ ሳይቀዳ፣ የጎረቤቱን ክርስትና ሁሉ ይቆጥሩብኛል፤ በረካው ላይ ሲደርሱ ዓይናቸው ሆዴ ላይ ያርፋል። ጠበል ተጠምቄአለሁ፣ ስለት ተስያለሁ፣ ሐኪም ቤትም ተመላልሻለሁ፤ እንቁላሌ በየወሩ እንደሚወጣ፣ የማህፀን ቱቦዎቼም ክፍት እንደሆኑ በራጅ ታይቶ ተነግሮኛል። አማቴ ግን ወረቀቱን ለማየት እንኳ አይፈልጉም። ባለቤቴ ሥራ ስለሚበዛበት አልተመረመረም፤ እኔም ክብሩን እንዳልነካ ብዬ አልጎተጎትኩትም። ጤናማ ሰው ነው፤ ሃያ ዓመት ሲሞላው ጆሮ ደግፍ ይዞት ቆለጡ አብጦ እንደነበር ብቻ እናቱ አንድ ቀን በጨዋታ መሃል አንስተዋል። አሁን ደግሞ «ከሌላ ቢወልድስ?» ማለት ጀምረዋል፤ እሱም ዝም ብሎ ይሰማል። 34 ዓመቴ ነው። እወደዋለሁ፤ ልጅ እንዲያይ ብዬ ልልቀቀው ይሆን?

ስሜ ይቆይ፣ ከአዳማ

መልስ

እህቴ፣ አትልቀቂው፤ መጀመሪያ ይመርመር። በአንድ ዓረፍተ ነገር ያለፍሽው ጆሮ ደግፍ ከአማትሽ ንግግር ሁሉ ይበልጥብኛል። ይህ በሽታ ከጉርምስና በኋላ ይዞ ቆለጥን ሲያሳብጥ ስፐርም የሚመረትበትን ክፍል ሊጎዳ ይችላል። ብዙውን ጊዜ የሚያብጠው አንዱ ብቻ ስለሆነ ጨርሶ መካን የሚሆነው ጥቂቱ ሰው ነው፤ ስለዚህ በእሱ አልፈርድም፤ ሳይመረመር በአንቺ መፈረዱን ግን አልቀበልም። ልጅ አጥተው ከሚቸገሩ ጥንዶች በግማሽ ያህሉ የወንዱ ጤና፣ ብቻውን ወይም ከሴቷ ችግር ጋር ተደርቦ፣ ምክንያት ሆኖ ይገኛል። አንቺ ራጅ ክፍል ተኝተሽ ስትፈተሺ እሱ አንዲት ናሙና ለመስጠት ጊዜ ማጣቱን «ክብር» ብለሽ መሸፈንሽ አስቆጥቶኛል።

ምርመራው ከሁለት እስከ ሰባት ቀን ከግንኙነት ታቅቦ የዘር ፈሳሽን በንጹሕ ዕቃ መስጠት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 እ.ኤ.አ. ያወጣው መመሪያ ዝቅተኛውን ልክ በአንድ ሚሊ ሊትር 16 ሚሊዮን ስፐርም አድርጎታል፤ ውጤቱ ከዚያ ቢያንስ ተደግሞ ይታይ። እጅግ ቢያንስ እንኳ አንዱን ስፐርም በቀጭን መርፌ እንቁላሉ ውስጥ በማስገባት ከ1992 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ልጆች ተወልደዋል፤ ከፈሳሹ ፈጽሞ ቢታጣም ከቆለጡ ተፈልጎ የሚገኝበት ጊዜ አለ። አዲስ አበባ ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታልም በ2011 ዓ.ም. የመካንነት ሕክምና ማዕከል ከፍቷል። ከ35 ዓመት በኋላ የእንቁላል ቁጥርና ጥራት ፈጥኖ ስለሚቀንስ በእሱ ቀጠሮ ማራዘም የሚባክነው ያንቺ ጊዜ ነው።

ዛሬ ማታ፣ እናቱ በሌሉበት፣ የጆሮ ደግፉን ነገር አንሥተሽ አብራችሁ ሐኪም ዘንድ የምትሄዱበትን ቀን ቁረጡ። ይህንንም እምቢ ብሎ ስለ ሌላ ሴት የሚወራውን መስማት ከቀጠለ፣ ጥያቄሽን መልሰሽ ጻፊልኝ፤ ያን ጊዜ «አትልቀቂው» አልልሽም።