ሱፐር መቼ ይጫን፣ የመስከረም አበባ ማር መቼ ይቆረጥ

እህቴ ጥያቄሽን አየሁት፣ ደብረ ማርቆስ አካባቢ ሁለት ዘመናዊ ቀፎ አለኝ፣ ሱፐሩን (ማር ብቻ የሚሞሉበትን የላይኛውን ሳጥን) አሁን ነሐሴ ላይ ልጫነው ወይስ አደይ አበባው እስኪፈካ ልጠብቅ፣ ማሩንስ ለህዳር ሚካኤል ቁረጪ ይሉኛል ነው ያልሽው። እኔም እዚሁ ጎጃም ደጋው ላይ ነው ንብ የማነበው፣ የማውቀውን ልንገርሽ።

ቀኑን ተይውና ንቡን እዪ። ክዳኑን ስትከፍቺ ታች ካሉት 10 ፍሬሞች (እንጀራ የሚባለውን የሰም ቤታቸውን የሚሰሩባቸው የእንጨት ክፈፎች) 8 ወይ 9ኙን ንብ ለብሷቸው ከሆነ፣ ዳር ዳሩ ላይም ነጭ አዲስ ሰም መስራት ከጀመሩ በነጋታው ጫኚ። ንቡ 5 ፍሬም ላይ ብቻ ከሆነ ግን ጎረቤት ሁሉ ቢጭን አንቺ አትጫኚ፣ የነሐሴን ብርድ ታውቂዋለሽ፣ ባዶ ሳጥን ከላይ ሲጨመርበት ሙቀቱ ወደላይ ይሄድና እጩ (ገና ያልተፈለፈለው የንብ ልጅ) ይበርደዋል። መዘግየቱም ጣጣ ነው፣ ከአበባ የሚያመጡት ወለላ በብዛት ሲገባ ማስቀመጫ ስለሚያጡ የእጩን ቦታ ይሞሉታል፣ ንግስቲቱ እንቁላል መጣያ ታጣለች፣ ከዛ አዲስ ንግስት የሚያሳድጉበትን የንግስት ቤት መስራት ይጀምሩና ልክ አበባው በፈካበት ሰሞን መንጋው ተከፍሎ ይወጣል፣ ማር የሚሰበስብልሽ ንብ ሄደ ማለት ነው።

ሌላው ብዙ ሰው የማያስበው ሂሳቡን ነው። እንቁላል ተጥሎ ሰራተኛ ንብ እስኪፈለፈል 21 ቀን፣ ከዛ ደሞ ሌላ 3 ሳምንት ገደማ ቀፎ ውስጥ ስትሰራ ቆይታ ነው አበባ ፍለጋ የምትወጣው። ስለዚህ መስከረም 20 ላይ አደይና ሜጭ (ይሄም ቢጫ የዱር አበባ ነው) ላይ የምታያት ንብ እንቁላሏ የተጣለው ነሐሴ 13 ገደማ ነው። ሀምሌ ላይ ዝናቡ አላስወጣ ሲላቸው ስኳር 1 ለ 1 በውሃ በጥብጠሽ ማታ ማታ መመገብ ያለብሽም ለዚህ ነው። ሱፐር ከተጫነ በኋላ ግን በፍፁም ስኳር አትስጪ፣ ማር ብለሽ የምትሸጪው እሱን ይሆናል፣ ይሄ የህሊና ጉዳይ ነው።

ንግስት ማገጃውን (ንግስቲቱ ወደላይ እንዳታልፍ የሚያግደውን ወንፊት) በሁለቱ ሳጥኖች መሀል አስገቢ፣ ከላይ ያለው አዲስ አሻራ ሰም (እንጀራ እንዲሰሩበት ፍሬሙ ላይ የሚለጠፍ ስስ ሰም) ብቻ ከሆነ ግን ለመውጣት ያቅማማሉ፣ ከታች ማር ያለበት አንድ ፍሬም ንግስቲቱ አለመኖሯን አይተሽ ወደላይ ብታወጪው ተከትለው ይወጣሉ።

ወደ ቆረጣው ስንመጣ፣ ህዳር ሚካኤል ጥሩ ግምት ነው፣ ግን ዝናቡ ቶሎ ከወጣ ጥቅምት መጨረሻ ላይም ሊደርስ ይችላል። ፍሬሙን አውጥተሽ እዪው፣ ከአራት እጅ ሶስቱ በሰም ተከድኖ ከሆነ በስሏል። ያልተከደነውን አግድም ይዘሽ ነቅነቅ አርጊው፣ ጠብ ጠብ ካለ መልሺው። ያልበሰለ ማር ውሃው ከ20 ፐርሰንት በላይ ስለሚሆን እቃ ውስጥ ይቦካብሻል። የደረሰውን ብቻ ለቅመሽ ሌላውን ለሳምንት ማቆየት ትችያለሽ፣ ሁሉንም ባንዴ ካልጨረስኩ ማለት አያስፈልግም። ግን ታህሳስንም አትጠብቂ፣ የሜጭና የኑግ ማር ቶሎ ነው የሚረጋው፣ እንጀራው ውስጥ ከረጋ በማጣሪያ ማሽን አይወጣልሽም። ስትቆርጪ ከ11 ሰዓት በኋላ ይሁን፣ ጭሱም የደረቀ ኩበት ሆኖ ትንሽ ትንሽ፣ ሲበዛ ማሩ ጭስ ጭስ ይላል።

የታችኛውን ሳጥን ማር እባክሽ አትንኪው። ከጥር በኋላ አበባው ሲጠፋ የሚበሉት እሱን ነው፣ የኛ ንብ ደሞ ከራበው አይቆይም ቀፎውን ጥሎ ይኮበልላል። ማሩ ተጣርቶ የወጣለትን እንጀራ አንድ ሌሊት መልሰሽ ያስልሱት፣ ከዛ ሱፐሩን አንሺና ብርሃንና አየር የሚያገኝበት ቦታ ስቀይው፣ ጨለማ ውስጥ ከተደራረበ የሰም ብል ይጨርሰዋል። አንድ ኪሎ ሰም ለመስራት ከ6 እስከ 8 ኪሎ ማር ይበላሉ ስለሚባል የተሰራ እንጀራ በጣም ውድ ነገር ነው።

ለማንኛውም ነገ ከፍተሽ የታችኛውን ፍሬሞች ፎቶ እዚህ ልቀቂው፣ ኑግ የዘራ ጎረቤት ካለሽም ንገሪኝና አይተን እንወስናለን።