ኬታሚንና ጓያን ማጥናት ሙያ ይሆነኛል ወይ?

ጥያቄ፦ የአራተኛ ዓመት የፋርማሲ ተማሪ ነኝ። መምህራችን ስለ ጓያ ሽባነት ሲያስተምሩን ኬታሚንን አንስተው አለፉ። ቅዠት የሚያመጣ መድኃኒት ከጓያ ጋር ምን አገናኘው? ይህን ምርምር ሙያዬ ላደርገው እፈልጋለሁ። ቤተሰቦቼ ግን "ፋርማሲ ክፈቺ" ይላሉ።

መልስ፦ እህቴ፣ የሚያገናኛቸው ግሉታሜት ነው። የነርቭ ሕዋሳት አንዱ ሌላውን የሚያነቃቃበት ኬሚካል ማለት ነው። ጓያ ውስጥ ያለው ኦዳፕ የተባለ መርዝ ግሉታሜትን ይመስላል፤ አምፓ የሚባለውን ተቀባይ (በሕዋሱ ላይ ግሉታሜት የሚያርፍበትን ቦታ) ያለ ልክ ይቀሰቅሳል። ሕዋሱም ከመጠን በላይ ተነቃቅቶ ይጎዳል። ኬታሚንና ፒሲፒ የተባለው መሰሉ ደግሞ ኤንኤምዲኤ የሚባለውን ሌላ የግሉታሜት ተቀባይ ይዘጋሉ። ይህ የታወቀው በ1983 እ.ኤ.አ. ነው። ተቀባዮቹ የተለያዩ ስለሆኑ "ኬታሚን የጓያን ሽባነት ያድናል" የሚል ካጋጠመሽ አትቀበዪው።

አሜሪካዊው የአንጎል ተመራማሪ ጆን ኦልኒ ሁለቱንም አጥንተዋል። በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. የኦዳፕን ጉዳት መረመሩ። በ1989 ደግሞ ፒሲፒና መሰሎቹ በአይጥ አንጎል ላይ የሚያደርሱትን ጉዳት አሳተሙ። ስለዚህ ያሰብሽው መንገድ እውነተኛ ነው።

የእኔ ምክር ግን ከበሽታው በኩል ግቢ የሚል ነው። ኬታሚን ቁጥጥር የሚደረግበት መድኃኒት ነው፤ ፈቃድና በደንብ የተደራጀ ላብራቶሪ ይጠይቃል። ጓያ ግን እዚሁ አለ። ድርቅ ሲመጣ ሌላው ሰብል ይጠፋና ጓያ ብቻ ይተርፋል። ድሃው ገበሬ ለወራት እሱን ሲበላ ይከርማል፤ በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ወሎ ውስጥ ደላንታ ላይ ብዙ ሰው ሽባ የሆነው እንዲህ ነው። አብዛኞቹ ወጣቶች ናቸው፤ ሽባነቱም አይለቅም። እውነቱን ለመናገር እዚህ ላይ የሚሠራ ሰው ያስፈልገናል።

መጀመሪያ ኦዳፕን መለካት በደንብ ተማሪ። ይህን የሚችል ሰው ዝቅተኛ ኦዳፕ ያላቸውን ዝርያዎች ከሚያወጡ የግብርና ተመራማሪዎች ጋርም መሥራት ይችላል። የተቀባዮቹን ጥናት በፋርማኮሎጂ ማስተርስ ትቀጥያለሽ፤ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ትምህርቱን ይሰጣል።

ቤተሰቦችሽም አልተሳሳቱም። የሙያ ፈቃድሽን አውጪ፣ እሱ እንጀራሽ ነው። የምርምር ሥራ ቶሎ አይገኝም።

ለመመረቂያ ጽሑፍሽ ደግሞ ይህን ሞክሪ፦ ጓያን መዘፍዘፍ፣ መቀቀልና ውሃውን መድፋት ምን ያህል ኦዳፕ ያስወጣል? አማካሪሽን በዚህ ሳምንት አነጋግሪያቸው።