የክርስትናውን ልብስ ልጁ ሳይወለድ መሥራት ነውር ነው?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን አሉ? የስድስት ወር ነፍሰ ጡር ነኝ፤ የመጀመሪያዬ ነው። ቤት ስለምውል የልጄን የክርስትና ልብስና ኮፍያ በኪሮሽ መሥራት ጀመርኩ። አማቴ ግን «ልጅ ሳይወለድ ልብስ አይሠራም፤ እርጉዝ ክር ስትቋጥር እትብቱ በልጁ አንገት ይጠመጠማል» ይላሉ። ኅዳር 21 ቀን ኪሮሽ ይዤ ያየችኝ ጎረቤቴ ደግሞ «ማርያምን አትፈሪም?» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ክሩን ሳየው ልቤ ይደነግጣል። ጾመ ነቢያትንም እስከ ዘጠኝ ሰዓት ስጾም ያዞረኛል። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ እኅቴ፣ ከመጨረሻው ልነሣ፤ እሱ ነገ የሚባል አይደለም። ሰዓት መቁጠሩን ከዛሬ ጀምረሽ ተዪው። በማለዳ ቁርስሽን ብዪ፣ ውኃ ጠጪ፣ ማዞሩንም ለሐኪምሽ ሳትውዪ ሳታድሪ ንገሪ፤ የደም ማነስ ሊሆን ይችላል። ከዚያ ወደ ንስሐ አባትሽ ሄደሽ ያለሽበትን ወር፣ ሐኪሙ ያለሽንና የሚሰማሽን ሳትደብቂ አስረጂ። ብዙ እኅቶች «ደካማ ናት» እንዳይባሉ ለካህኑ ሳይናገሩ ጾመው ይወድቃሉ፤ ካህኑ ያላወቀውን ሊፈቅድ አይችልም። በምስርና በሽሮ ብቻ የማይገኝ ነገርም አለ፤ ቢ12 የሚባለው ቫይታሚን የሚገኘው ከወተት፣ ከእንቁላልና ከሥጋ ነው። ስለዚህ ምግቡን በተመለከተ ሐኪሙም አባትሽም ይነጋገሩበት። ጤና ጣቢያ የአይረን እንክብል ከሰጡሽ በብርቱካን ጭማቂ ወይም በውኃ ዋጪው፤ ቡናና ሻይ አይረኑ ወደ ደም እንዳይገባ ስለሚከለክሉ አንድ ሁለት ሰዓት አርቂያቸው። ስግደቱንም እንደዚሁ፦ ግንባር መሬት የሚነካበት ሰጊድ አለ፣ በጉልበት የሚንበረከኩበት አስተብርኮ አለ፣ አንገት ብቻ የሚደፉበት አድንኖ አለ። ላንቺ አሁን ሦስተኛው ይበቃሻል።

ወደ ክሩ እንምጣ። አማትሽ የሚሉት ከክፋት ሳይሆን ከፍቅርና ከፍርሃት ነው፤ ድሮ ብዙ ሕፃን በሚሞትበት ዘመን ባዶ ልብስ አቅፎ ማልቀስን የፈራ ሰው ያወጣው ይመስለኛል። ነገር ግን የቤተ ክርስቲያን ትምህርት አይደለም። እመቤታችን ቤተ ልሔም ስትደርስ ማደሪያ እንኳ አላገኘችም፤ ሉቃስ ግን ልጇን «በመጠቅለያም ጠቀለለችው» ይላል። በግርግም ውስጥ መጠቅለያ የሚሸጥ ሱቅ የለም፤ አስቀድማ ይዛ ሄዳለች ማለት ነው። የነቢዩ ሳሙኤል እናት ሐናም ለልጇ በየዓመቱ ትንሽ መደረቢያ እየሠራች ትወስድለት ነበር።

እትብቱን በተመለከተ ደግሞ ቀና ብለሽ የብሥራትን ሥዕል እዪ። ቅዱስ ገብርኤል ሲያበሥራት እመቤታችን በእጇ ምን ይዛለች? እንዝርት። ሐርና ወርቅ አስማምታ ስትፈትል ነው የተበሠረችው፤ አባቶቻችን እንዲህ ያስተምራሉ፣ ሠዓሊዎቻችንም እንዲህ ይሥላሉ። ጌታን የፀነሰችው ክር በእጇ ይዛ ሳለ ከሆነ፣ ያንቺን ኪሮሽ ማን ያረክሰዋል? እትብት በአንገት ላይ መዞሩ ከአምስት ልጆች በአንዱ ገደማ የሚታይ ነገር ነው። ልጁ በማኅፀን ሲገላበጥ የሚመጣ እንጂ ከእናቱ እጅ ሥራ አይደለም፤ አብዛኛውም ያለ ጉዳት ይወለዳል። አማትሽን ግን አትከራከሪያቸው። ሥዕሉን አሳዪያቸውና «እማማ፣ ኮፍያውን አብረን እንሥራ» በያቸው።

ጎረቤትሽ ግን ግማሽ እውነት ይዛለች። ኅዳር 21 ጽዮን ማርያም ናት፤ ዓመታዊ በዓል ነውና በዚያ ቀን ክሩን ማስቀመጥ ነበረብሽ። እሑድን፣ የጌታን ዐበይት በዓላትና የእመቤታችንን በዓላት፣ በየወሩም 12ን፣ 21ንና 29ን ከእጅ ሥራ አርፈሽ አክብሪ። ቅዳሜም ሰንበት ናትና አቅልለሽ ያዢያት። ምግብ ማብሰል፣ ታማሚ መጠየቅ፣ የቆሸሸ የሕፃን ጨርቅ ማጠብ አይከለከልም። በሌላው የወር በዓል፣ ለምሳሌ በ5 ወይም በ7፣ ጸሎትሽን አድርሰሽ ብትሠሪ ኃጢአት የለብሽም። ያለፈው ረስተሽ ከሆነ ለንስሐ አባትሽ ነግረሽ ጨርሺው። «ማርያም ልጅሽን ትቀሥፈዋለች» የሚልሽን ግን አትስሚ። ምጥ ሲመጣ «ማርያም! ማርያም!» ብለን የምንጠራት እናት ናት፤ አዋላጇን እንደ ቀሣፊ መፍራት ምን የሚሉት ነው?

አሁን ስለ ልብሱ ራሱ፤ እዚህ ላይ ብዙዎች ይሳሳታሉ። መጀመሪያ ቀኑን ቁጠሪ። ወንድ በ40፣ ሴት በ80 ቀን ይጠመቃሉ፤ የተወለደበት ቀን አንድ ተብሎ ይቆጠራል። መጋቢት 10 ብትወልጂ፣ ወንድ ከሆነ ሚያዝያ 19፣ ሴት ከሆነች ግንቦት 29 ይሆናል ማለት ነው። ቀኑ በሰሙነ ሕማማት ላይ ከዋለ በዚያ ሳምንት ክርስትና ስለማይነሣ ከትንሣኤ በኋላ ይሆናል። ልጁ በጠና ከታመመ ደግሞ ቀኑ አይጠበቅም፤ ካህን ወዲያው ይጠራል።

ጾታውን ካላወቅሽ የልብሱን ርዝመት መጨረሻ ላይ ተዪው። የ40 ቀን ወንድ ቁመቱ 56 ሳንቲ ሜትር፣ የ80 ቀን ሴት 59 ገደማ ይሆናሉ። ጭንቅላታቸው ግን ከ38 እስከ 39 ሳንቲ ሜትር ስለሆነ አንድ ኮፍያ ለሁለቱም ይሆናል። ስለዚህ ከአንገት ጀምረሽ ወደ ታች ሥሪ፤ ልጁ ሲወለድ ጥቂት መስመር ትጨምሪበታለሽ። ደረቱን 48 ሳንቲ ሜትር አድርጊው፣ ከሥሩ ሌላ ልብስ ይለበሳልና። ክሩ ንጹሕ ነጭ ጥጥ ይሁን፤ 200 ግራም ይበቃል፣ መርፌው 2.5 ወይም 3 ሚሊ ሜትር። ጥጥ ሲታጠብ ይኮማተራል፤ መጀመሪያ 10 በ10 ሳንቲ ሜትር ቁራጭ ሠርተሽ እጠቢና ምን ያህል እንዳነሰ ለኪ። ይህን የዘለለች እናት በክርስትናው ማለዳ እጅጌው አልገባ ሲላት ታያለች።

ከሁሉ የሚበልጠው አከፋፈቱ ነው። ሕፃኑ ራቁቱን ሦስት ጊዜ በውኃ ይጠመቃል፤ ከዚያም ካህኑ 36 ቦታ ላይ ሜሮን ይቀባዋል። በራስ ላይ የሚወርድ ጠባብ ቀሚስ እዚያ ጋ ያስቸግራል፤ ሕፃኑ በብርድ ይንቀጠቀጣል፣ የክርስትና እናት ወይም አባትም በክሩ ይጠመዳሉ። ፊት ለፊቱ ከአንገት እስከ ጫፍ እንደ ኮት የሚከፈት አድርጊው፤ ማሰሪያውን በደረቱ ላይ እንጂ በአንገቱ ላይ አታድርጊ። ዶቃና መርፌ ቁልፍ አይግባበት። ዳንቴሉ ቀዳዳ ካለው ከውስጥ ስስ የጥጥ ገበር ስፊበት፤ አለዚያ የሕፃኑ ጣት ቀዳዳው ውስጥ ገብታ ክሩ ይጠመጠምባትና ደም ይቋረጥባታል። በአማትሽ ስጋት ውስጥ እውነት ካለ እዚህ ላይ ነው። የክሩንም ጫፍ ቢያንስ 5 ሳንቲ ሜትር ወደ ውስጥ ሸሽጊው።

መስቀል ልትጠልፊበት ካሰብሽ ደረቱ ላይ ወይም ኮፍያው ላይ አድርጊው። ካልሲና የሽንት ጨርቅ መሸፈኛ ላይ ግን አይሆንም። ማኅተቡንም ረጅም አታድርጊው፤ በአንገቱና በክሩ መካከል ሁለት ጣት ብቻ ይግባ፣ ልጁ ሲያድግ በየወሩ ፈትሸሽ አስተካክዪው።

ውዳሴ ማርያምን የዕለቱን አድርሰሽ ክሩን ያዢ። እየሠሩ መጸለይ ጥሩ ነው ይባላል፤ ነገር ግን ጥልፍ እየቆጠሩ ዳዊት መድገም ብዙ ጊዜ ሁለቱንም ያበላሻል። በየግማሽ ሰዓቱ ተነሥተሽ ተንጎራደጂ፣ እግርሽን ከፍ አድርጊ። በመጨረሻዎቹ ወራት ጣትሽ ከደነዘዘ ሥራውን አቁመሽ ለሐኪም ንገሪ።

ሲያልቅ ሽቶ በሌለው ሳሙና አጥበሽ ፀሐይ ላይ አድርቂው፣ ተኩሰሽም በንጹሕ ነጠላ ጠቅልለሽ አስቀምጪው። ናፍታሊን የሚባለውን የብል መድኃኒት አብረሽ አታድርጊበት፤ ሽታው አዲስ የተወለደን ሕፃን ደም ሊጎዳ ይችላል። ከጥምቀቱ በኋላም ሜሮን የነካውን ልብስ መጀመሪያ ያጠብሽበትን ውኃ እግር በማይረግጠው ቦታ አፍስሺው።

ማርያም በሽልም ታውጣሽ።