የህንድ የአትክልት አሰራር ላይ ያላችሁን ጥያቄ ወዲህ በሉ

ስለ ፑኔ ኑሮዬ ሳወራ የምግቡን ነገር ብዙ ሰው ስለጠየቀኝ ዛሬ ቁጭ ብዬ እመልሳለሁ። ለማያውቁኝ፣ ፑኔ ህንድ ውስጥ ማሃራሽትራ ግዛት ያለች ከሙምባይ 150 ኪሎሜትር ገደማ ምትርቅ ከተማ ናት፣ እዛ ስማር የተከራየሁት ስጋም እንቁላልም ማይገባበት ቤት ስለነበር የማውቀው የሬስቶራንቱን ሳይሆን የእናቶችን የየቀን አሰራር ነው። ክሬም የበዛበት የሰሜኑን ወፍራም ወጥ ምናምን የፈለገ ሌላ ሰው ይጠይቅ።

ጥያቄ፦ ለመጀመር ምን ምን ቅመም ልግዛ? ካሪ ፓውደር ብቻ ይበቃል?

መልስ፦ ካሪ ፓውደሩን ተይው። እኔ የኖርኩበት ኩሽና ውስጥ እንደዛ ሚባል ነገር አይቼ አላውቅም። የሰናፍጭ ፍሬ፣ የከሙን ፍሬ፣ እርድ፣ ቃሪያ፣ በቃ። የካሪ ቅጠል ካገኘሽ ደስ ይላል፣ ካጣሽ በምንም አትተኪው ዝለይው። ዋናው የቅመሙ ብዛት ሳይሆን ዘይት ውስጥ ሚገባበት ተራ ነው፣ ታድካ ይሉታል፣ ፑኔዎች ደግሞ ፎድኒ። እኛ ሽንኩርቱን አቁላልተን በርበሬ ጨምረን ቀስ እያልን ነው ምናበስለው አይደል፣ እነሱ ግን መጀመሪያ ዘይቱን በደንብ ያግሉታል፣ አንድ የሰናፍጭ ፍሬ ጣል ስታደርጊ ወዲያው ከተንጣጣ ደርሷል ማለት ነው፣ ከዛ ሰናፍጩን ጨምረሽ ቶሎ ክደኚው አለበለዚያ ፊትሽ ላይ ነው ሚፈናጠረው፣ መንጣጣቱ ጋብ ሲል ከሙኑን፣ እሱ በሰከንዶች ውስጥ ነው ጠቆር ሚለው ስለዚህ ወዲያው ቃሪያና የካሪ ቅጠሉን፣ መጨረሻ ላይ እርድ ሩብ የሻይ ማንኪያ። እርድ ዱቄት ስለሆነ ቶሎ ያራል፣ አትክልቱ ቀድሞ ተከትፎ አጠገብሽ መቀመጥ አለበት፣ እርዱ እንደገባ እሱ ይከተላል። ይሄን ተራ የያዘች ሴት ድንቹንም አበባ ጎመኑንም ዱባውንም ፎሶሊያውንም በዚሁ ትጨርሰዋለች። ጋራም ማሳላ ሚባለው የተፈጨ የቅመም ድብልቅ ካለሽ ከእሳት ልታወርጂ ስትይ ቁንጥር፣ ፑኔ እያለሁ ግን ለየቀን አትክልት ብዙም አይነኩትም ነበር።

ጥያቄ፦ እንዳልሽው አይነት ሞክሬ መረረኝ እኮ።

መልስ፦ ወይ ከሙኑ አሮብሃል ወይ አብሽ ጨምረሃል። አብሽ ፍሬውን ስትጠብሰው ቀላ ሲል ማቆም ነው፣ ጠቆረ ማለት ድስቱ በሙሉ መረረ ማለት ነው። ካረረ አትከራከር፣ ዘይቱን ድፋና እንደገና ጀምር፣ ሁለት ማንኪያ ዘይት ከአንድ ድስት አትክልት አይበልጥም።

ጥያቄ፦ እህቴ ለጾም ይሆናል? ፓኬቱ ላይ አረንጓዴ ነጥብ ካለ ችግር የለውም ብለውኛል።

መልስ፦ ኧረ ተጠንቀቂ! የህንድ የታሸገ ምግብ ላይ ያለው አረንጓዴ ነጥብ ስጋ፣ አሳ፣ እንቁላል የለበትም ማለት እንጂ ወተት የለበትም ማለት አይደለም፣ ወተትና ቅቤ ያለው ብስኩትም አረንጓዴ ነጥብ አለው፣ ስለዚህ ከጀርባው የተጻፈውን አንብቢ። የነሱ ጾም እኮ ከኛ ግልባጭ ነው። ኤካዳሺ በሚባለው የጾም ቀናቸው ወተትና እርጎ ይፈቀዳል፣ ስንዴና ሩዝ ግን አይነካም፣ እኔ በነበርኩበት ቤት ያን ቀን ሚበሉት ሳቡዳና ነበር፣ ከካሳቫ ስታርች የተሰራች ትንንሽ ነጭ እንክብል ናት፣ ከድንችና ከተወቀጠ ለውዝ ጋር ትጠበሳለች፣ ሽንኩርት የለ ነጭ ሽንኩርት የለ፣ ግን አታስቡ ትጠግባላችሁ። ቤትሽ ስትሰሪ ንጥር ቅቤውን በዘይት፣ እርጎውን በሎሚ ወይ በኮኮናት ወተት ከቀየርሽ አብዛኛው የጾም ይሆናል።

ጥያቄ፦ ዳል ማለት ያው ምስር ወጥ ነው አይደል?

መልስ፦ እህሉ አንድ ነው አሰራሩ ይለያል። ቤትሽ ያለው ቀይ የምስር ክክ እነሱ ማሱር ሚሉት ነው፣ አጥበሽ በእርድና በጨው ብቻ ትቀቅይዋለሽ፣ አንድ ኩባያ ለሶስት ኩባያ ውሃ፣ 20 ደቂቃ አይፈጅም። ቁሌት የለም። ምስሩ ከበሰለ በኋላ በሌላ ትንሽ መጥበሻ ታድካውን ሰርተሽ ከላይ ቸስስስ አድርገሽ ትደፊበታለሽ። ነጭ ሽንኩርት ከወደድሽ ታድካው ውስጥ በስሱ ተቆርጦ ቀላ ይበል።

ጥያቄ፦ ባምያ ስሰራ ይዝለገለግብኛል፣ የነሱ ግን ደረቅ ነው።

መልስ፦ ውሃ ነው ጠላቱ። ታጥቦ በጨርቅ ተወልውሎ በደንብ ከደረቀ በኋላ ነው ሚቆረጠው፣ ከተቆረጠ በኋላ ያጠበ ሰው ሙጫ በላ። ሰፊ መጥበሻ፣ ክዳን የለም፣ አታማስሉት ገልበጥ ገልበጥ ብቻ፣ ጨውና ሎሚ መጨረሻ ላይ።

ጥያቄ፦ ሽሮ አላቸው?

መልስ፦ ይሄን ጥያቄ ስጠብቅ ነበር! ፒትላ ይባላል፣ የሽምብራ ዱቄት ነው፣ መጀመሪያ ቀን ሲያቀርቡልኝ ሽሮ መስሎኝ ነው ዘልዬ የገባሁት። ልዩነቱ የነሱ ዱቄት ጥሬ ነው የኛ ግን ተቆልቶ ቅመም ገብቶበት ነው ሚፈጨው፣ ስለዚህ ፒትላ ጥሬ ጥሬ እንዳይሸት በደንብ መብሰል አለበት። ግማሽ ኩባያ ዱቄት በሁለት ኩባያ ውሃ እንዳይጓጉል መጀመሪያ በቀዝቃዛው በጥብጡት፣ ሰናፍጭ፣ ከሙን፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ቃሪያና እርድ ያለው ታድካ ላይ ድፉና 10 ደቂቃ ያህል እያማሰሉ ማብሰል። ሚበላው ደግሞ በባክሪ ነው፣ ባክሪ የማሽላ ቂጣ በሉት፣ ዱቄቱ በሙቅ ውሃ ይታሽና በእጅ መዳፍ እየተጠፈጠፈ ነው ሚሰፋው። የፑኔ አካባቢ ገበሬ ምሳ ነው። ማሽላ የለመደ ሰው ባዕድ አይሆንበትም።

ጥያቄ፦ ዱባይ ነው ያለሁት፣ ህንድ ሱቅ ስገባ ስሙ ግራ ይገባኛል።

መልስ፦ ጂራ ከሙን፣ ራይ ሰናፍጭ፣ ሃልዲ እርድ፣ ዳኒያ ድንብላል፣ ሜቲ አብሽ፣ አጅዋይን ነጭ አዝሙድ፣ ካሎንጂ ጥቁር አዝሙድ። ኢላይቺ ሚሉት ሄሉን ነው፣ የኛ ኮረሪማ ሌላ ተክል ስለሆነ ጣፋጭ ውስጥ ሄል በተባለበት ኮረሪማ ባትጨምሪ ይሻላል፣ ሽታው ይከብዳል።

ጥያቄ፦ ፓኒር በአይብ ይተካል?

መልስ፦ አይተካም፣ ፓኒር ተጭኖ የጠጠረ የነሱ አይብ ነው፣ የኛ አይብ ግን ቅቤው ከወጣለት አሬራ ስለሆነ ወጥ ውስጥ ይበተናል። ፓኒር ቤት ይሰራል፦ 2 ሊትር ያልተቀነሰለት ወተት አፍልታችሁ አውርዱና የሎሚ ጭማቂ ማንኪያ በማንኪያ ጨምሩ፣ ውሃው ጠርቶ ሲለይ በጨርቅ አጥልሉና ከባድ ነገር ጫኑበት። አንድ ሰአት ይበቃዋል።

ጥያቄ፦ ልጆቼ አትክልት አይቀምሱም፣ ሚያቃጥል ደግሞ ጭራሽ።

መልስ፦ ኮሺምቢር ሞክሪላቸው። ኪያርና ቲማቲም በደቃቁ ተከትፎ የተቆላ ለውዝ ሸክሸክ ተደርጎ ሎሚና ቁንጥር ስኳር፣ ጨው ልታቀርቢ ስትይ ነው ምትጨምሪው አለበለዚያ ውሃ ያወጣል። ለውዝ ማይስማማው ልጅ ካለ በእርጎ። ቃሪያ ለአዋቂዎቹ ብቻ። ከምግብ በኋላ ደግሞ ሺክራን፣ ሙዝ ተቆርጦ ቀዝቃዛ ወተት፣ ስኳርና ሄል፣ የፑኔ ልጆች በእሱ ነው ያደጉት።

ጥያቄ፦ ፍራፍሬውንስ እንዲሁ ነው ሚበሉት?

መልስ፦ ጨውና የቃሪያ ዱቄት ይነሰነስበታል፣ ዘይቱናውም አናናሱም ጥሬ ማንጎውም። አንዴ ከቀመሳችሁ ያለሱ ዘይቱና አይጥማችሁም። በበጋቸው፣ ሚያዝያና ግንቦት፣ ሁለት ነገር አለ፦ ሃፑስ ሚሉት ማንጎ ከባህር ዳርቻው ከራትናጊሪ ይመጣል፣ ተጨምቆ አምራስ ይሆንና በተጠበሰ ቂጣ ይበላል። ሌላው ጥሬ ማንጎ ተቀቅሎ ስጋው ተፍቆ በስኳር፣ በጨውና በሄል ተበጥብጦ ቀዝቃዛ ውሃ ሚጨመርበት መጠጥ ነው፣ ፓንሄ ይባላል፣ ለሙቀት እሱን ሚያክል የለም። ሎሚናዳ የሰለቸው ይሞክረው።

ጥያቄ፦ ቀዩን ቦሎቄ ሰርቼ ሆዴን አመመኝ።

መልስ፦ ቦሎቄው ዘፍዝፈኸው አድሮ ነበር? ዘፍዝፍ፣ ውሃውን ድፋ፣ በአዲስ ውሃ ቢያንስ 10 ደቂቃ ይንተክተክ ከዛ እስኪለሰልስ ይብሰል። ጥሬው ቀይ ቦሎቄ ሆድ ሚበጠብጥ መርዝ አለው፣ በደንብ ሲፈላ ነው ሚጠፋው፣ በዝቅተኛ ሙቀት ሚያበስለው የኤሌክትሪክ ድስት ብቻውን አይበቃም።

ጥያቄ፦ ማታ ከስራ ስገባ በ15 ደቂቃ ሚደርስ?

መልስ፦ ጥቅል ጎመን። በጣም በስሱ ከተከተፈ ታድካው ላይ ጨምረሽ 7፣ 8 ደቂቃ፣ ውሃ ጠብ አታድርጊበት በራሱ ውሃ ይበስላል፣ ትንሽ መንጨርጨሩን ይዞ ይውረድ። ከላይ የተፈቀፈቀ ኮኮናትና የድንብላል ቅጠል።

ጥያቄ፦ በእንጀራስ ይሄዳል?

መልስ፦ ይሄዳል ግን ጎመኑ ብቻውን ይደርቅብሻል፣ ዳሉን ወፈር አድርጊና አብረሽ አቅርቢ። እኔ ዛሬም እንደዛ ነው ምበላው።