አንኮበር ላይ ሲመሽ ፎቶ ማንሳት

ጥያቄ፦ ሰላም ናችሁ፣ ደብረ ብርሃን ነው የምኖረው፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ካሜራዬን ይዤ ብቻዬን ወደ አንኮበር ጋራዎች እወጣለሁ ግን ጀምበር ስትጠልቅ የማነሳው ሁሉ ወይ ይጨልማል ወይ ይደበዝዛል፣ ባትሪውም ቶሎ ይሞትብኛል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ወንድሜ መጀመሪያ ቀደም ብለህ ድረስ። አገራችን ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆነች ጀምበር ቀጥ ብላ ነው የምትወርደው፣ ከጠለቀች በኋላ ደህና ብርሃን የምታገኘው ቢበዛ 20 ደቂቃ ገደማ ነው፣ ስለዚህ 11 ሰዓት ላይ ቦታህን ይዘህ ቁጭ በል። ደሞ የአንኮበር ገደል ወደ ምስራቅ ወደ አፋር ነው የሚያየው፣ ጀምበሯ ከጀርባህ ናት፣ እሷን ከምታሳድድ የጋራው ጥላ ቆላው ላይ እየረዘመ ሲሄድ እሱን አንሳ፣ ለኔ ከሱ የሚበልጥ የለም። ጭላዳ ዝንጀሮ ካጋጠመህም ሲመሽ ለማደር ገደል ለገደል ስለሚወርዱ ጠርዙን ጠብቅ፣ አንተ ግን ጠርዙ ላይ አትቁም!

ትራይፖድ (ባለ ሦስት እግር የካሜራ ማቆሚያ) ከሌለህ ጋቢህን ጠቅልለህ ድንጋይ ላይ አድርግና ካሜራውን አስቀምጥበት፣ ታይመሩን 2 ሰከንድ ላይ አድርገህ እጅህን አንሳ፣ ከዛ ሻተሩን (ብርሃን የሚያስገባውን መዝጊያ) 1 ሰከንድም ከፍተህ ብታቆየው አይደበዝዝም። ባትሪውን የሚገድለው ብርዱ ነው፣ ትርፉን ደረት ኪስህ ውስጥ ያዝ፣ ሞተ ያልከውም ብብትህ ስር ሲሞቅ ትንሽ ያነሳልሃል።

የእጅ ባትሪም እንዳትረሳ፣ በየት እንደምትመለስም መንደር ላለ ሰው ንገር። እኔን አንዴ ያባረረኝ ጅብ እንዳይመስልህ፣ የበግ ጠባቂ ውሻ ነው።