ፋብሪካ ክሊኒክ ስትገባ አፏ ለሚያዝባት እህት

እህቴ፣ «እጄን እያመመኝ ፋብሪካው ክሊኒክ እሄዳለሁ፣ ስገባ ግን አፌ ይያዛል፣ ፓራሲታሞል ተቀብዬ እወጣለሁ» ያልሽውን አነበብኩ። እኔም ሐዋሳ አንድ ልብስ ፋብሪካ ውስጥ 4 ዓመት ኦቨርሎክ (የጨርቅ ጠርዝ የሚሰፋ ማሽን) ላይ ሠርቻለሁ።

1. ሱፐርቫይዘርሽ አብራሽ እንዳትገባ። «ለብቻዬ ነው መታየት የምፈልገው» በይ። እኔ ይህን ማለት ፈራሁ። የእኛዋ በሩ ላይ ቆማ ሰዓቷን ታያለች። ማታ ማታ ጣቶቼ እየደነዘዙ ከእንቅልፌ ይቀሰቅሱኛል፤ ያንን ልናገር ሄጄ እሷን ሳይ «ትንሽ ራሴን አሞኝ ነው» አልኩ። 3 ጊዜ እንዲሁ አደረግኩ። በኋላ መቀስ መያዝ ሲያቅተኝ በራሴ ገንዘብ ውጭ ታከምኩ። ሐኪሙ አንጓሽ ላይ ነርቩ ተጨቁኗል፣ ከሥራሽ የመጣ ነው አለኝ። ወረቀቱን ይዤ የሰው ሀብት ቢሮ ስሄድ ልጅቷ ቀና ብላ እንኳ ሳታየኝ «ካርድሽ ላይ የእጅ ነገር የለም፣ ራስ ምታት ነው የሚለው» ብላ መለሰችኝ። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 ተራ ሕመም ከሆነ ሙሉ ደመወዝ የሚከፈልሽ ለመጀመሪያው 1 ወር ነው። በሥራ የመጣ ጉዳት ከሆነ ግን ለመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ነው፣ ሕክምናውንም አሠሪው ይችላል። እኔ ያንን ሁሉ ያጣሁት በዚያች «ራስ ምታት» ነው።

2. ዋናውን ሕመምሽን መጀመሪያ ተናገሪ። በወረቀት ጽፈሽ ግቢ፦ የቱ ጋ እንደሚያምሽ፣ መቼ እንደጀመረሽ፣ በሰዓት ስንት ፒስ እንደምትሰፊ። ነርሱ አንቺ ማሽን ላይ እንዴት እንደምትውዪ አላየም። «ይሄን ካርዴ ላይ ይጻፉልኝ» በይና ሲጽፍ ቁጭ ብለሽ ጠብቂ። ካልተሻለሽ ሪፈር ጠይቂ። ቢቆጣም ጠይቂ።

3. አማርኛው ከከበደሽ የምታምኛትን ሰው ይዘሽ ግቢ። አጠገቤ የምትሰፋው ልጅ አፏን የፈታችው በሲዳምኛ ነው፣ ክሊኒክ ስትገባ ለሁሉም ነገር «እሺ» ብላ ትወጣ ነበር። አንድ ቀን በምሳ ሰዓት አብሬያት ገባሁ። እሷ በሲዳምኛ ስትነግረኝ እኔ በአማርኛ አስረዳሁላት፣ አንዲት ቃል አልጨመርኩም። ነርሱ ያኔ ገና ከወንበሩ ተነስቶ ትከሻዋን በእጁ እየነካ መረመራት። ሪፈር ተጻፈላት፣ አሁን ከኦቨርሎክ ወጥታ ማሸጊያ ክፍል ተዛውራለች። በዚህ ኮርቻለሁ። የኔ አውራ ጣት ግን ዛሬም የልጄን ሸሚዝ ስቆልፍ ያስቸግረኛል።

ወረቀቱን ዛሬ ማታ ጻፊው።