ቻርጅ አልይዝ ያለ ጎልፍ ካር፦ ጥያቄና መልስ

መላሽ፦ የዛሬው ስለ 48 ቮልት ጎልፍ ካር ነው፤ በተለይ ስድስት ባለ 8 ቮልት የአሲድ ባትሪ ስላላቸው። የእናንተ 36 ቮልት ከሆነ የጥቅሉን (የተያያዙትን ባትሪዎች በሙሉ) ቁጥሮች በሩብ ቀንሱ። ስትጠይቁ የጋሪውን ዓይነት፣ የጥቅሉን ቮልት፣ የእያንዳንዱን ባትሪ ቮልት፣ ቻርጀሩ ሲሰካ ድምፅ ይሰማ አይሰማ እንደሆነ ጻፉ። ባትሪ ከመንካታችሁ በፊት ቀለበትና ሰዓት ይውለቅ፣ ቁልፉ ይጥፋ፣ ማብሪያው ወደ ቶው (የመጎተቻው ቦታ) ይዙር።

ጥያቄ (ከቢሾፍቱ)፦ ጋሼ፣ ሪዞርት ውስጥ ቆሞ የከረመ ክለብ ካር (የጋሪው ብራንድ) ነው። ቻርጀሩን ስሰካው ጸጥ ነው። ያው ቻርጀር ግን በሌላኛው ጋሪ ላይ ይሠራል። ቻርጀሩ ተበላሽቶ ይሆን?

መላሽ፦ በሌላው ላይ ከሠራማ ቻርጀሩ ምን አደረገ? ችግሩ ጋሪው ላይ ነው። አውቶማቲክ ቻርጀር መጀመሪያ ባትሪውን ያነባል፤ በቂ ቮልት ካላገኘ ባትሪ እንዳልተሰካ ይቆጥረውና አይነሳም። የዋናውን ፖዘቲቭና የዋናውን ኔጌቲቭ ጫፍ በቴስተር ለካ። ሞልቶ ጥቂት ሰዓት ያረፈ ጥቅል 50.9 ቮልት ገደማ ያሳያል፤ 48.4 ማለት ግማሽ ነው። ከ40 በታች ካነበብክ ብዙ ቻርጀሮች እምቢ ይላሉ፤ ገደቡ እንደ ቻርጀሩ ይለያያል።

እንዲህ ሲሆን ባትሪዎቹን ከፋፍለህ ቀስቅሳቸው። ሦስት ባለ 8 ቮልት በተከታታይ 24 ቮልት ነው፤ ስለዚህ የከባድ መኪና 24 ቮልት ቻርጀር ይበቃል። በመጀመሪያ ሦስቱን ከቀሪዎቹ ለያቸው። ከዚያ ፖዘቲቩን በሦስቱ መነሻ፣ ኔጌቲቩን በመጨረሻቸው አገናኝና ከ10 እስከ 15 አምፔር ስጣቸው። እያንዳንዱ ባትሪ አርፎ 8 ቮልት ሲያልፍ ወደ ሌሎቹ ሦስት ሂድ። ሁሉም ሲነሱ ገመዱን እንደነበረው መልሰህ በራሱ ቻርጀር ጨርስ። አጠገቡ ቆመህ ጠብቅ፤ ባትሪው በእጅ ሲነካ ከፈጀ አቁም። ክፍሉ አየር ያግኝ፤ የሚወጣው ሃይድሮጅን ነው፤ አየር ውስጥ 4 በመቶ ከደረሰ አንዲት ብልጭታ ትበቃዋለች።

ጥያቄ (ከሐዋሳ)፦ ቮልቱ 50.1 ነው፣ ግን ቻርጀሩ አይነሳም። ክለብ ካር፣ 48፣ የድሮው ሞዴል።

መላሽ፦ እንዲህ ነው ጥያቄ! ቮልቱ ካለ መንገዱን ፈትሽ። የቻርጀሩ የኤሲ (ከግድግዳው በኩል ያለው) ፊውዝ ወይም ብሬከር፣ የዲሲ (ከባትሪው በኩል ያለው) ፊውዙ፣ ስፒናው ውስጥ ያሉት እግሮች፣ የጋሪው ሶኬት። የተቃጠለ ወይም የላላ እግር ቡናማ ሆኖ ይታያል። ከሶኬቱ ጀርባ በሚመጣው ቀጭን ሽቦ ላይ ትንሽ ፊውዝ ካለች እሷንም ለካ፤ ብዙ ሰው የሚያልፋት እሷን ነው።

ከ1995 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የመጡት የድሮ 48 ቮልት ክለብ ካሮች ደግሞ የቻርጅ ኮምፒውተር አላቸው። ቻርጀሩን የሚያስነሳውም የሚያቆመውም እሱ ነው። አንዳንዴ ይደነዝዛል፤ መቀስቀሻው ይህ ነው። ቁልፉን አጥፋ፣ ማብሪያውን ወደ ቶው አዙር፣ የጥቅሉን ዋና ኔጌቲቭ ንቀልና ከብረት አርቀው። ከዚያ ማብሪያውን ወደ ራን (የመንጃው ቦታ)፣ ማርሹን ወደ ኋላ አድርግ፣ ቁልፉን ክፈት፣ ፔዳሉን ረግጠህ ያዝ። የኋላ ማርሽ ጩኸቱ እየደከመ እስኪጠፋ ያዘው፤ ውስጥ የቀረው ኤሌክትሪክ የሚፈሰው በዚህ ነው። ቁልፉን አጥፋ፣ ወደ ቶው መልስ፣ ኔጌቲቩን አጥብቀህ እሰር፣ ጥቂት ቆይተህ ወደ ራን አዙርና ሰካ።

አባል (ባለ ጋራዥ)፦ ምን ያደክማል? ኮምፒውተሩን አልፎ በቀጥታ ሽቦ ማገናኘት ነው።

መላሽ፦ የዚያ ዘመን ቻርጀር መቼ እንደሚያቆም የሚነግረው ኮምፒውተሩ ነው ብያለሁ። አልፈኸው ካገናኘህ ሌሊቱን ሙሉ ሲያፈላው ያድራል። የምታልፈው ከሆነ ራሱ የሚያቆም ቻርጀር ግዛ።

ጥያቄ፦ ቻርጅ አያደርግም፣ ምን ላድርግ?

መላሽ፦ ስንት ቮልት?

ጥያቄ (ከአዲስ አበባ)፦ ቻርጀሩ ከአሜሪካ ከጋሪው ጋር የመጣ ነው። 220ን ወደ 110 በሚያወርድ ትራንስፎርመር ነው የሚሠራው። ድምፁ ይሰማል፣ ይግላል፣ ባትሪው ግን ጠዋት ግማሽ ነው።

መላሽ፦ በዚህ ላይ ስንት ሰው ደህና ባትሪ ጥሏል! ትራንስፎርመሩ ቮልቱን ያወርዳል እንጂ ፍሪኩዌንሲውን አይነካም። የአሜሪካ መስመር 60 ኸርዝ ነው፣ የእኛ 50። እነዚያ ከባድ፣ ውስጣቸው ትልቅ መዳብ የተጠመጠመበትና ካፓሲተር ያለባቸው የድሮ ቻርጀሮች የተቃኙት ለ60 ነው። በ50 ስታስገባቸው የሚሰጡት ቮልት አብሮ ይወርዳል፤ 50 ለ60 ሲካፈል 83 በመቶ። ባትሪው ለመሙላት በአንድ ሴል ወደ 2.45 ቮልት ይፈልጋል፤ ባለ 8 ቮልቱ እያንዳንዱ 4 ሴል ስላለው በጥቅሉ 24 ሴል 58.8 ነው። የ83 በመቶው 49 ቮልት እንኳ አይሞላም። ያ ሞልቶ ካረፈ ጥቅል 50.9 ቮልት እንኳ ያንሳል፤ ለመሙላት አይበቃም። ባትሪው ውስጥ ያሉት የእርሳስ ሳህኖች ግማሽ ሞልተው ሲቆዩ ሰልፌት (ነጭ ጨው) ይጋግራቸዋል፤ ሰውየው ደግሞ «ባትሪው አረጀ» ብሎ አዲስ ይገዛና ያንኑ ቻርጀር ይሰካበታል። ስቴብላይዘርም መፍትሔ አይደለም። ጀርባው ላይ 100–240 ቮልት፣ 50/60 ኸርዝ የሚል ኤሌክትሮኒክ ቻርጀር ግዛ፤ ለ48 ቮልት ከ15 እስከ 18 አምፔር ደህና ነው። ቀጭን ዲቫይደር ላይም አትሰካው።

ጥያቄ፦ ዋጋው ስንት ነው?

መላሽ፦ ዋጋ አልመልስም።

ጥያቄ (ከዝዋይ)፦ ውሃ የሚጨመረው ከቻርጅ በፊት ነው ወይስ በኋላ?

አባል፦ በፊት ነው። ደርቆ እንዴት ቻርጅ ይደረጋል?

ሌላ አባል፦ በኋላ ነው እንጂ! ቀድመህ ሞልተኸው ነው አሲዱ ሻሲውን የበላው።

መላሽ፦ ሁለታችሁም ግማሽ ግማሹን ይዛችኋል። ሳህኑ አየር ላይ ከወጣ ቻርጅ ከማድረግ በፊት ለመሸፈን ያህል ብቻ ጨምሩ። ሙሉው የሚጨመረው ከቻርጅ በኋላ ነው፤ ፈሳሹ ሲሞላ ያብጣልና ቀድሞ የሞላ ይገነፍላል። የሚጨመረው ዲስትልድ ውሃ ነው። ሱቅ «የባትሪ ውሃ» ብሎ አሲድ ሊሰጣችሁ ይችላል፤ አሲድ አትጨምሩ፣ የቧንቧ ውሃም አትጨምሩ። ሞርሴቶው (የገመዱ ማሰሪያ) ላይ ነጭ ወይም አረንጓዴ ካለ፣ ክዳኖቹን ዘግታችሁ 1 ሊትር ውሃ ውስጥ 100 ግራም ያህል ቤኪንግ ሶዳ በጥብጡና በብሩሽ እጠቡ።

አባል፦ ሊትየም አስገብታችሁ ተገላገሉ። የነዳጅ የቤት መኪና ማስገባት ከ2016 ጀምሮ ተከልክሎ እናንተ ገና አሲድ ላይ ናችሁ?

ሌላ አባል፦ እንዳገናኘኸው! የቤት መኪና ክልከላና ጎልፍ ካር ምን አገናኛቸው?

አባል፦ ቤቴ የተተከለው የመኪና ቻርጀር ላይስ ጎልፍ ካሩን መሰካት ይቻላል?

መላሽ፦ አይቻልም። እሱ የሚሰጠው ኤሲ ነው፤ ወደ ዲሲ የሚቀይረው መኪናው ውስጥ ያለው ነው። ሊትየም ጥሩ ነው፣ ግን 16 ሴል ያለው 51.2 ቮልት ጥቅል የሚሞላው በ58.4 ነው። የአሲድ ቻርጀር ሴሎቹን በሚያመጣጥንበት ደረጃ ላይ ከ60 በላይ ይወጣል፤ ያኔ የጥቅሉ መቆጣጠሪያ ይቆርጣል፣ እናንተ «ቻርጅ አያደርግም» ትላላችሁ። ባትሪ የቀየረ ቻርጀርም ይቀይር። ወደ አሲዱ እንመለስ።

ጥያቄ (ከዴንቨር)፦ ክረምቱን ውጭ አደረ፣ አሁን አይነሳም። ልሰካው?

መላሽ፦ በረዶ ሆኖ ከሆነ እንዳትሰካው። ያለቀ ባትሪ −7 ዲግሪ አካባቢ ይረጋል። ቤት አስገብተህ አሟሙቀው፤ ሳጥኑ ካበጠ ወይም ከተሰነጠቀ ጣለው።

ጥያቄ፦ ፍጥነቱን መጨመር ይቻላል?

መላሽ፦ ሌላ ቀን።

ጥያቄ (ቅድም «ምን ላድርግ?» ያልኩት)፦ ለካሁ። ጥቅሉ 36.7። ከፖዘቲቭ ጀምሮ 6.9፣ 7.0፣ 6.8፣ 2.1፣ 6.9፣ 7.0።

መላሽ፦ አሁን ተግባባን። አራተኛው ሴሎቹ ሞተዋል፤ በእሱ ላይ ጊዜ አታጥፋ። ከ1 እስከ 3 ያሉትን ከላይ እንዳልኩት በ24 ቮልት፣ አምስተኛውንና ስድስተኛውን ለየብቻ በ8 ቮልት ቻርጀር አንሳ። ሞልተው ሲያርፉ ሴል በሴል በሃይድሮሜትር (የአሲዱን ጥግግት መለኪያ) ለካ፤ 1.265 እና ከዚያ በላይ ጥሩ ነው። በአንድ ባትሪ ውስጥ በሴሎች መካከል ከ0.050 በላይ ልዩነት ካየህ እሱም አብሮ ይውጣ። አምስቱ ደህና ከሆኑ፣ ለአራተኛው ቦታ በዕድሜና በአምፔር ሰዓት (በመያዝ አቅም) የሚመጣጠን ፈልግ፤ ያረጁት መሐል አንድ አዲስ ከገባ አዲሱን ይዘውት ይወርዳሉ። ገመዶቹን ከመንቀልህ በፊት ፎቶ አንሳቸው፣ መጀመሪያም ዋናውን ኔጌቲቭ ንቀል። ቀለበትህንም አውልቅ።